ጫፉ የተበላ የዱባ ቡቃያ አይጣልም

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። የጻፈችው እናት እንዲህ ትላለች፦

«ካናዳ ያለች እህቴ ለእረፍት ስትመጣ የግዙፍ ዱባ ዘር 4 ፍሬ ይዛልኝ መጣች። መስከረም 20 በጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ዘራሁት። 3ቱ በቀሉ፣ አንዱ ቀረ። ከዚያ በሳምንት ውስጥ ሁሉም ተጎዱ። አንዱን ዶሮ አገኘችውና ከሁለቱ ወፍራም ቅጠሎች አንዱን በላችው። የሁለተኛው መሃል ላይ ብቅ ያለው ለጋ ጫፉ የለም፤ ምን እንደበላው አላውቅም። ሦስተኛውን ልጄ ሲያነሳው ግንዱ ተሰነጠቀ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩት። እንዲያገግሙ ብዬ ለሦስቱም አንድ አንድ ማንኪያ ዩሪያ ሰጠኋቸው። ቀን ቀን ይጠወልጋሉ፤ በጠወለጉ ቁጥር አጠጣለሁ። ጎረቤቴ 'የተጎዳ ቡቃያ ትልቅ ፍሬ አይሰጥም፣ ነቅለሽ ያገራችንን ዱባ ትከይ' አለችኝ። አቦ ወንድሜ፣ ልጣላቸው ወይስ ይቆዩ?»

አትጣያቸው እህቴ። ግን ዩሪያውን ዛሬውኑ አቁሚ፣ ፕላስተሩንም ፍቺ። አሁን ለቡቃያዎቹ ከዶሮዋ ይልቅ የሚያሰጋቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቡቃያ ሲጎዳ ሰው ሁሉ የሚያየው የቁስሉን ትልቅነት ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ቦታውን ነው። ከአፈር መጀመሪያ የወጡትን ሁለት ወፍራም ቅጠሎች ታውቂያቸዋለሽ። ክክ ይባላሉ። ዘሩ ውስጥ የነበሩት ሁለት ግማሾች ናቸው፤ የቡቃያው ስንቅ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። አንዱን ክክ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ታች ዘንበል አድርጊና ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ብብት ተመልከቺ። ዓይንሽ ጥሩ ከሆነ፣ ወይም አጉሊ መነጽር ካለሽ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነጥብ ታያለሽ። የተኛች ቡቃያ ናት። ዋናው ጫፍ በሕይወት እስካለ ድረስ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ጫፉ ሲሞት ትነሳለች። ከክኮቹ በታች፣ እስከ አፈሩ ድረስ ባለው ግንድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነጥብ የለም። ስለዚህ ዱባ ከክኩ በታች ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ አለቀ፤ ሥሩ ደህና ቢሆንም ከዚያ ተመልሶ አያቆጠቁጥም። ከክኩ በላይ የተቆረጠ ግን ገና ተስፋ አለው።

ይህን ይዘን ሦስቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

ዶሮ አንድ ክኩን የበላችበት ቡቃያ ካሉሽ ሁሉ ምርጡ ነው። ከስንቁ ግማሹን አጣ እንጂ ጫፉም ሥሩም አለ። ለአንድ ሳምንት ያህል ከጓደኞቹ ወደኋላ ይቀራል። ሦስተኛውና አራተኛው እውነተኛ ቅጠል ሲዘረጋ ግን ራሱን ይመግባል፤ ልዩነቱም እየጠፋ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው «እንዲመጣጠን» ብሎ የቀረውን ክክ ይቆርጣል። በፍጹም አታድርጊው። የቀረው ክክ በኋላ ቢጫ ሆኖ ራሱ ይረግፋል፤ እስከዚያ ሥራ ላይ ነው።

ጫፉ የጠፋው ሁለተኛው ትዕግስት ይፈልጋል። ሁለቱም ክኮች ደህና ከሆኑ ከ4 እስከ 6 ቀን ምንም ለውጥ ላታዪ ትችያለሽ። ክኮቹ ግን ይወፍራሉ፣ አረንጓዴነታቸው ይጠቁራል። ብዙ ሰው «በቃ፣ ቆመ» ብሎ የሚነቅለው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ከብብቱ አንዲት ጸጉራም ጫፍ ብቅ ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ብብት። ሁለቱንም ተያቸውና ጣትሽን እስኪያክሉ ይደጉ። ከዚያ የወፈረውንና ቀጥ ያለውን መርጠሽ ሌላውን በጥፍርሽ ቆንጥጪው። የቀረው ዋና ሐረግ ይሆናል። አበባውም ፍሬውም ከዘሩ ዋና ጫፍ ከሚወጣው አይለይም፤ ያው ተክል ነውና። የምትከፍይው ዋጋ ጊዜ ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ። አዲሱ ሐረግ ከግንዱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ደካማ ነው። ሐረጉ ወዲያ ወዲህ እንዳይወዛወዝ ከሥሩ አፈር ከፍ አድርገሽ ደግፊው፤ ነፋስ ሲነሳ ከብብቱ ተገንጥሎ ሊወድቅ ይችላል።

ምን እንደበላው ማወቅም አለብሽ፤ ካልሆነ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል። ዶሮና ወፍ ይቦጭቃሉ፤ ቁስሉ የተቀዳደደ ነው። ጥንዚዛ ክብ ክብ ቀዳዳ ይተዋል። ቆራጭ ትል ግን ግንዱን ከአፈሩ ጥግ እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠውንም ብዙ ጊዜ አጠገቡ ጥሎት ታገኚዋለሽ። እንደዚያ ከሆነ ማታ ባትሪ ይዘሽ ውጪ። በግንዱ ዙሪያ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ጫር ጫር አድርጊ። ግራጫ፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ትል ካገኘሽ በእጅሽ ለቅመሽ ግደይው። ለ3 ቡቃያ መርጨት አያስፈልግም። ለዶሮዋ ቅርጫት መድፋት በቂ ነው። ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስም ብዙ ሰው ይደፋል፤ ድሬ ላይ ግን ከረፋዱ በኋላ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ጠርሙስ ከተጠቀምሽ ክዳኑን ክፈቺ፣ ፀሐይ ሳይከርር አንሺው።

ግንዱ የተሰነጠቀው ሦስተኛው አጠራጣሪ ነው፤ ቁስሉ ከክኩ በታች ነውና። ሆኖም መሰንጠቅና መቆረጥ አንድ አይደሉም። የዱባ ግንድ ውስጡ ክፍት ነው፤ ውሃና ምግብ የሚሄደው በዙሪያው ባሉት ጅማቶች ነው። ስንጥቁ ወደ ቁመቱ ከሄደ ጅማቶቹ ብዙም አልተበጠሱም። ወደ ጎን ከታጠፈና ግማሹ ከተበጠሰ ግን ተስፋው ቀጭን ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ክኮቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ ውሃ እያለፈ ነው።

ፕላስተሩን ፍቺ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሰው ቆዳው ደርቆ ይድናል፤ ለጋ የዱባ ግንድ ደግሞ ፕላስቲክ ውስጥ ሲታፈን ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። እኔም በጀማሪነቴ ጠቅልዬ አውቃለሁ። በአምስተኛው ቀን ስፈታው ግንዱ እንደ ተቀቀለ ዝኩኒ ላላ ብሎ ጠበቀኝ፤ ሽታው እስካሁን አይረሳኝም። ፕላስተሩ ከተጣበቀ አትጎትቺው፤ በለብታ ውሃ አርሰሽ በመቀስ ቁረጪው። ከዚያ ንጹሕ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት እኩል ቀላቅለሽ ከክኮቹ ሥር ጥቂት እስኪቀር ድረስ ግንዱን ቅበሪው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋም ይሆናል፤ ቆሻሻው እስኪጠፋ እጠቢው እንጂ። የዱባ ግንድ እርጥብ አፈር ሲነካው አዲስ ሥር ያወጣል። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ከስንጥቁ በላይ ነጫጭ ሥሮች ከወጡ ቡቃያው የተሰነጠቀውን ግንድ ብዙም አይፈልገውም። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ አይጨቅይ። ክኮቹ ራሳቸው እንዳይቀበሩ ተጠንቀቂ።

አሁን ወደ ዩሪያው። ማዳበሪያ መድኃኒት አይደለም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ አንድ ማንኪያ ለአንድ ትንሽ ከረጢት አፈር እጅግ ብዙ ነው። በሞቃትና ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ደግሞ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ለጋውን ሥር ያቃጥላል። የተጎዳ ቡቃያ ቅጠሉ ስለቀነሰ ያን ሁሉ ናይትሮጅን የሚያስገባበት ቦታም የለው። ገና ያልሟሟ ፍሬ ከላይ ካለ ልቀሚው። ከዚያ ከረጢቱን ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጪ፣ ከሥሩ ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጪ። ከከረጢቱ መጠን ሦስት እጥፍ የሚሆን ውሃ ቀስ እያልሽ አፍስሺበት፤ ከታች ይውጣ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምታደርጊው። ከዚያ በኋላ 3 እውነተኛ ቅጠል እስኪያወጣ ምንም ማዳበሪያ የለም።

አመድም አትጨምሪ። ደጋ ላይ ለትልም ለማዳበሪያም አመድ ይነሰነሳል፤ የድሬ ውሃና አፈር ግን ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት አስቢው። አመድ ያንኑ ያባብሰዋል፤ ተክሉ አፈር ውስጥ ያለውን ብረት መውሰድ ያቅተዋል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ካየሽ ምልክቱ ይህ ነው። የተሻለው በደንብ የበሰለ ፍግና ኮምፖስት ነው።

ስለ መጠውለጉ። ድሬ ላይ 8 ሰዓት ቀትር ላይ የጤነኛ ዱባም ቅጠል ይጠወልጋል። ራሱን ከፀሐይ እየጠበቀ እንጂ ውሃ እየለመነ አይደለም። በዚያ ሰዓት ባጠጣሽ ቁጥር ሥሩ አየር ያጣል። ፍርድሽን ለማለዳ አቆዪው። ጠዋት ቀጥ ብሎ ካገኘሽው ደህና ነው። ጠዋትም ከጠወለገ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ደረቅ ከሆነ አጠጪ፤ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ችግሩ ሥሩ ላይ ነው፣ ውሃ ይብስበታል። ሌላው ጥቁሩ ከረጢት ነው። ሲሚንቶ ላይ ፀሐይ ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር ከረጢት ሥር ይቀቅላል። በጆንያ ጠቅልይው፣ ከሲሚንቶው አንሺው። እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፣ ከዚያ በኋላ ስስ ጥላ ሥር ይግባ። ጨለማ ቤት ውስጥ ግን አታስገቢው፤ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ ግንዱም እንደ ክር ይቀጥናል።

ያለማመንታት የምጥለው ሁለት ዓይነት ቡቃያ ብቻ ነው። አንደኛው ግንዱ ከአፈሩ ጥግ ላይ ውሃ ቋጥሮ የሰለለና የተጋደመ ነው። ይህ የአፈር ሻጋታ ነው፤ አይድንም፣ አፈሩንም ለሌላ ቡቃያ አትጠቀሚበት። ሁለተኛው አዲስ ቅጠሉ የተጨማደደና ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ነው። ቫይረስ ነው፤ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛምተዋል፣ መድኃኒት የለውም። አንዳንድ የዱባ ቫይረስ በዘርም ይተላለፋል። ከውጭ የሚመጣ ዘር ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል የሚባለው ለዚህ ነው። እህትሽ ሌላ ጊዜ ስትመጣ ይህን አስቀድማ ታሟላ። ያልበቀለው አራተኛው ዘር ደግሞ ሁለት ሳምንት ካለፈው ተይው፤ በድሬ ሙቀት ያልበቀለ የዱባ ዘር ከዚያ በኋላ እምብዛም አይወጣም።

ጎረቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ለትልቅ ዱባ ውድድር የሚያለሙ ሰዎች ትንሽ የተጎዳ ቡቃያም ይጥላሉ። ምክንያታቸውን ግን እንየው። ይህ ዝርያ የታወቀው በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ነው፤ ሃዋርድ ዲል የሚባል ገበሬ ለዓመታት መርጦ ያወጣው ነው። እዚያና ሰሜን አሜሪካ በሚያዝያ ቤት ውስጥ ይዘራል፣ በጥቅምት ውርጭ ሳይመጣ ይሰበሰባል፤ ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፍሬው ሲፈጥን በቀን ከ15 ኪሎ በላይ ይጨምራል። ሁለት ሳምንት የዘገየ ተክል ያን ሁሉ ኪሎ ያጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 አሜሪካዊው ትራቪስ ጊንገር 1,247 ኪሎ የሚመዝን ዱባ አሳየ። በ2025 እንግሊዛውያኑ የፓተን መንትዮች 1,278.8 ኪሎ አደረሱት፤ ወደ 13 ኩንታል ማለት ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ለተጎዳ ቡቃያ ጊዜ የለም።

አንቺ ግን ውርጭ የለብሽም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንዲሉ፣ የነሱ የጊዜ ስሌት ላንቺ አይሠራም። የድሬ ጠላት ሙቀቱ ነው። መስከረም 20 መዝራትሽ፣ አውቀሽው ባይሆንም፣ ጥሩ ጊዜ ነው። ዱባው የሚያድገው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ለዘብ ያለ አየር ነው። ሴቴ አበባ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ትወጣለች። ከዚያ ከ70 እስከ 90 ቀን ስጪው፤ ግንቦትና ሰኔ ሳያቃጥሉት ይደርሳል። ሁለት ሳምንት ቢዘገይም ከቀኑ አያልፍም። ይህን የምታነቡ የሐረር ሰዎች ግን የድሬን ቀን አትከተሉ። የደንገጎን ዳገት ከወጣችሁ በኋላ አየሩ ሌላ ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለዱባ ይቀዘቅዛል። እናንተ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ፣ ከበልጉ ጋር ዝሩ።

ሆኖም 10 ኩንታል አትጠብቂ። እነሱ በበጋቸው በቀን 15 ሰዓት ብርሃን ያገኛሉ፤ እኛ ጋ ረጅሙ ቀን ከ13 ሰዓት አይሞላም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ከ12ም ያንሳል። ሌሊቱ ሲሞቅም ተክሉ ቀን የሠራውን ስኳር ይጨርሰዋል። በመጀመሪያ ዓመትሽ 50 ኪሎ ካለፍሽ እኔ በጣም ደስ ይለኛል። ለወጥ ብለሽ ከሆነም አይሁን፤ የግዙፍ ዱባ ሥጋ ውሃ ይበዛበታል፣ ጣዕሙም ቀላል ነው። ለጾም ወጥ ቀፊራ ገበያ የምታገኚው ያገራችን ዱባ ይሻላል።

ውሃውንም አስቀድመሽ አስቢ። ፍሬ የያዘ ግዙፍ ዱባ በሳምንት በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ይጠጣል። በቀን 5 ጀሪካን፣ ማለትም 100 ሊትር፣ የምታገኚበት መንገድ ከሌለሽ ከአንድ ተክል በላይ አትያዢ። ቧንቧ ለሚጠፋበት ሰፈር በርሜል ሞልቶ ማቆየት ግድ ነው። ገለባ በሥሩ ጎዝጉዢ፤ ብዙ ውሃ ያተርፍልሻል። ሐረጉ ሲዘረጋ አንጓዎቹን በአፈር ሸፍኚ። ከየአንጓው ሥር ይወጣል፣ ተክሉም በብዙ አፍ ይጠጣል። ግንዱ አንዴ ለተጎዳ ተክል ይህ ትልቅ ጥቅም አለው።

አበባው ላይ ስትደርሺ ለንብ ብቻ አትተይው። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ወንዴውን አበባ ቁረጪ፣ ቅጠሎቹን ላጪና መሃሉን በሴቴዋ ውስጥ ቀስ አድርገሽ አሺው። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ያላት ናት። ፀሐይ ከከረረ በኋላ የአበባው ብናኝ ይሞታል። ከተያዘ በኋላ ፍሬውን በስስ ጨርቅ ሸፍኚው፤ ለጋውን ፍሬ የምትወጋው ዝንብ እኛ አገር በደንብ አለች። እንዲያውም አንዷ በዓለም ላይ የምትታወቀው «የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ» በሚል ስም ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ዛሬ ማዳበሪያውን እጠቢ፣ ፕላስተሩን ፍቺ፣ ሦስተኛውን ቅበሪ፣ ሁሉንም ጥላ ሥር አስገቢ። ለመጠባበቂያ ሁለት ያገራችን ዱባ ዘር በሌላ ከረጢት ዝሪ። በ10 ቀን ውስጥ አንድ ክክ ያለው ቡቃያ ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ አፈሩን ሳትበትኚ ዋናው ቦታ ላይ ትከይው፤ ዱባ ሥሩ ሲነካ አይወድም። ጫፉ የተበላው አዲስ ጫፍ ካወጣ ከሱ 3 ሜትር ያህል አርቀሽ ትከይ። የተሰነጠቀው እስከ ጥቅምት 20 ድረስ አዲስ ቅጠል ካላሳየ ተሰናበቺውና ቦታውን ላገራችን ዱባ ስጪው።

ኅዳር 15 ጠዋት ሁለቱን ፈረንጅ ዱባዎች አስተያይ። የሐረጋቸውን ውፍረትና የአዲሱን ቅጠል ስፋት እይ፤ የትኛው ቀድሞ ተጎድቶ እንደነበር እርሺው። አንዱን ብቻ አስቀሪ። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሁለቱ ለአንድ ቦታና ለአንድ በርሜል ውሃ ሲሻሙ ሁለቱም መለስተኛ ሆነው ይቀራሉ። የሚቀረውን ሥሩን እንዳትነኪበት ሌላውን አትንቀዪው። ከአፈሩ ጥግ በመቀስ ቁረጪው።